የክረምት ልብስና የጣሪያችን ቀዳዳ



ወላይታ ሶዶ ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ሰው አንድ ዓይኑ ከገመዱ ላይ፣ ሌላው ዓይኑ ከዳሞታ ተራራ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ የተራራው አናት ጥርት ብሎ ሲታይ በየግቢው ገመድ ይወጠራል፤ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም፣ የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ፣ የነርሷ ነጭ ጋውን፣ አንሶላው ሁሉ ይሰጣል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ዳሞታ ጉም መከናነብ ሲጀምር ደግሞ «ልብስ! ልብስ!» የሚለው ጩኸት ከግቢ ግቢ ይቀባበላል። እናት ከማጀት፣ ልጅ ከጨዋታ፣ አከራይ ከተከራይ ሳይለይ ሁሉም ወደ ገመዱ ይሮጣል። ልብሱም ግማሹ ደርቆ ግማሹ ረጥቦ በእቅፍ ወደ ቤት ይገባል።

ጥያቄው የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ይህ እርጥበቱ ያልለቀቀው ልብስ ሌሊቱን የት ይደር? ነገ ጠዋት ልጁ ዩኒፎርሙን፣ እናቱም የሥራ ልብሷን ለብሰው መውጣት አለባቸው። ለሕፃኑ ከሆነ ደግሞ እስከ ነገ መጠበቅም የለም። በዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ እንነጋገራለን። ነገሩ የልብስ ጉዳይ ቢመስልም ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰን ከጣሪያችን ላይ ነው።

«ጭሱ እኮ አልቆ ነበር»

በምኖርበት ሠፈር በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት አለች። የምትኖረው ከአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ በተከራየችው ባለ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ሐምሌ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ አላባራ ብሎ የልጆቹ ልብስ ቢከመርባት፣ ከአልጋው ትይዩ ገመድ ወጥራ ከሥሩ የከሰል ምድጃ አስቀመጠች። ግዴለሽ ሴት አይደለችም። ከሰሉን ያቀጣጠለችው ደጅ ነው፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀይ እስኪሆንም ጠብቃ ነው ያስገባችው። ብርድ እንዳይገባ ብላ ግን መስኮቱን ዘጋች፤ በበሩ ሥርም ጨርቅ ወተፈች።

ሌሊት ላይ የስድስት ዓመት ልጇ ራሴን አመመኝ ብሎ ተነሣና አስመለሰው። የማታው እራት ያልተስማማው መስሏት አፉን አጥባ መልሳ አስተኛችው። እርሷንም ራሷን ያዞራት ነበር፤ የቀኑ ድካም ነው ብላ ተኛች። ንጋት ላይ አከራይዋ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ከቤቱ ውስጥ የማቃሰት ድምፅ ሰሙ። ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ የሚመልስ ጠፋ። ጎረቤት ጠርተው በሩን ገፍተው ሲገቡ እናትም ልጆችም መነሣት አቅቷቸው ተዘርረዋል። ሰው ተረባርቦ ወደ ደጅ አወጣቸው፤ በባጃጅ ተጭነው ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ኦክሲጅን ተሰጥቷቸውም ሦስቱም ተረፉ።

በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ደጋግማ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ጭሱ እኮ አልቆ ነበር።»

አንባቢያን ሆይ፣ የብዙዎቻችን ስሕተት በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። የምንፈራው ዓይናችንን የሚያስለቅሰንን፣ የሚያስለንን፣ የሚታየንን ጭስ ነው። የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ከሰል አየር እንደ ልቡ በማያገኝበት ሁኔታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ፍሙ ቀይ ሆኖ ባማረበት ሰዓትም ይወጣል። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው ክፍል ጋር ይጣበቃል፤ የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ሰውየው እየተነፈሰ አየር ያጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል፤ ቀጥሎ እንቅልፍ ይጫጫናል፤ ከዚያ በኋላ በሩን ለመክፈት የሚበቃ አቅም አይኖርም። ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ።

ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሁሉም ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው፣ ምግቡን ከመክሰስ በፊት ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ከፍታችሁ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ጤና ድርጅት አድርሱ። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት ማጠጣት የኦክሲጅንን ሕክምና አይተካም።

የሣሩ ቤት ይተነፍስ ነበር

«እናቶቻችን ቤት ውስጥ ሲያነዱ ኖረው እኛን አሳድገውን የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልስ ያስፈልገዋል።

የወላይታን የጥንት ቤት ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ቤቱ ክብ ሆኖ ጣሪያው ወደ ላይ የረዘመ፣ በሣር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተከደነ ነው። እሳቱ ከመሐል ይነዳል፤ ጭሱ ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ ይወጣና በሣሩ መካከል ቀስ በቀስ እየተጣራ ይሄዳል። ሣሩን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀዋል፤ እንጨቱንም ያጠነክረዋል። ማለዳ ላይ ከሩቅ ሲታይ ቤቱ ሁሉ የሚጨስ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን ስንል የድሮው ጭስ ጉዳት አልነበረውም ማለታችን አይደለም። የአያቶቻችን ዓይንና ደረት ይመሰክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚመጣ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። የሣሩ ቤት ያጨስ ነበር፤ ዳሩ ግን ይተነፍስም ነበር።

የዛሬው ቤታችን የተለየ ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ሠራተኛውም ተማሪውም የሚያድረው ቆርቆሮ በለበሰ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ በተለሰነ፣ ችፑድ ኮርኒስ በተመታለት ክፍል ነው። ብርዱን፣ አቧራውንና አይጡን ለመከላከል ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነናል። ደግ አድርገናል። ነገር ግን ጭሱና እርጥበቱ ይወጡበት የነበረውን መንገድም አብረን ደፍነን፣ ሌላ መውጫ አላበጀንላቸውም። የአሮጌውን ቤት እሳት ወደ አዲሱ ቤት አስገባን፤ የአሮጌውን ቤት ጣሪያ ግን ትተነው መጣን።

ከውስጥ የዘነበ ዝናብ

ማሽን ያለው ሰው ከዚህ ችግር ነጻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ከዚያው ሠፈር ሁለተኛውን ቤት ልንገራችሁ። ባልና ሚስቱ አዲስ ቪላ ሠርተው ሲገቡ ዘመድ ከዱባይ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ላከላቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ማሽኑን ገጥሞ፣ ከጀርባው የሚወጣውን ቱቦ ኮርኒሱን ቀዶ ወደ ላይ ሰደደውና ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሄደ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ፤ ቀጥሎም ሻጋታ ወረሰው። ቆርቆሮው አፈሰሰ ተብሎ ሰው ሦስት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሚስማሩ ሁሉ ተለወጠ፤ የተገኘ ቀዳዳ ግን አልነበረም። በመጨረሻ አሸንዳ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ ባለሙያ ኮርኒሱን ከፍተው ቱቦውን አዩና፣ «እመቤት፣ ጣሪያዎ አላፈሰሰም፤ የዘነበው ከውስጥ ነው» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማድረቂያ ማሽን ውሃውን አያጠፋውም። አየር አሙቆ በልብሱ ውስጥ ያሳልፋል፤ ያ አየር ውሃውን ተሸክሞ በቱቦው ይወጣል። ከአንድ ጊዜ እጥበት ሁለትና ሦስት ሊትር ውሃ በእንፋሎት መልክ ሊወጣ ይችላል። ቱቦው ያለቀው ከኮርኒሱ በላይ ከሆነ እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ መልሶ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ከዚህም የሚከፋው ከልብሱ የሚረግፈው ጸጉር መሰል ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ በደረቀ ጊዜ እንደ ጥጥ ይቀጣጠላል። በአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ያለውን መዝግቦ እንደገለጸው፣ በመኖሪያ ቤቶች በየዓመቱ ወደ 2,900 የሚጠጉ እሳቶች ከልብስ ማድረቂያ ይነሣሉ፤ ከምክንያቶቹ ቀዳሚው ማሽኑንና ቱቦውን አለማጽዳት ነው። በጋዝ የሚሠራ ማድረቂያ ከሆነ ደግሞ ያ ከከሰሉ የሸሸነው ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚሁ ቱቦ ስለሚወጣ፣ ቱቦው ከቤት ውጭ ካላለቀ አደጋው ያው ነው።

ሁለቱ ቤቶች በኑሮ ይለያያሉ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ሙቀትና እርጥበት፣ ጭስና ጋዝ ከቤቱ መውጣት አለባቸው። መውጣት ማለትም ሰማይ ማየት ማለት ነው እንጂ ከኮርኒስ በላይ መደበቅ አይደለም።

ለሠራተኛው ምን እንበለው?

ማድረቂያ ማሽን የምታስገቡ ከሆነ እነዚህን ነጥቦች ያዙ።

አንደኛ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽኑን ዓይነት ጠይቁ። እንፋሎቱን ወደ ውሃ ለውጦ በራሱ ዕቃ ውስጥ የሚያጠራቅም ዓይነት አለ፤ እርሱ የጣሪያ ቀዳዳ አይፈልግም። ኤሌክትሪኩንም አትርሱ። የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ሳይክል ስለሆነ፣ ከአሜሪካ ለ60 ሳይክል ተሠርቶ የመጣ ማሽን እንዲሁ አይሰካም። ብዙ ኃይል ስለሚወስድም ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፤ ቱቦው ባጠረ ቁጥር ይሻላል። ማሽኑ ከውጭው ግድግዳ አጠገብ ከሆነ በግድግዳው ማውጣት ይቀላል። ክፍሉ የመሐል ክፍል ከሆነ ግን ቀጥ ብሎ በጣሪያ መውጣት ነው። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ በአብዛኛው የተፈቀደው ርዝመት 10 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቀጥታ ማዕዘን ለሚታጠፍ ለእያንዳንዱ ኤልቦ 1 ሜትር ተኩል ይቀነሳል። የፋብሪካው መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መመሪያውን ተከተሉ።

ሦስተኛ፤ ቱቦው ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውስጡ ልስልስ ያለ የላሜራ ቱቦ ይሁን። የፕላስቲክ ቱቦ አይሁን። መገጣጠሚያው ላይ ብሎን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ንገሩት፤ ብናኙ በብሎኑ ጫፍ ላይ ይጠመጠማልና። የታችኛው ቱቦ አፍ በላይኛው ውስጥ ገብቶ መገጣጠሚያው በብረት ነክ ማጣበቂያ ይታሸግ። ጫፉ ላይ ዝናብና ወፍ የሚከለክል፣ አየሩ ሲገፋው የሚከፈት ክዳን ይደረግለት፤ ወንፊት ግን አይደረግ፤ ወንፊቱ በብናኝ ተደፍኖ ያርፋል።

አራተኛ፤ የማሽኑ ማጥለያ በእያንዳንዱ አጠቃቀም፣ ቱቦው ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይጸዳ። ልብሱ ለመድረቅ ከወትሮው ብዙ ጊዜ ከወሰደ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብዙዎቻችን እንመለስ። ማሽን የለንም፤ ማድ ቤት ግን አለን። የማድ ቤቱም ጭስ በጣሪያ መውጣት ይችላል። ማገዶ በመቆጠብ የታወቀው ምርጥ ምድጃ እንኳ የጭስ ማውጫ ሲጨመርለት ነው ጭሱ ከቤት የሚወጣው፤ ማገዶ መቆጠብና ጭስ ማስወጣት ሁለት ነገር ናቸው። ከምድጃው በላይ ጭሱን የሚሰበስብ የላሜራ ዣንጥላ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቱቦ፣ ከበሩ ሥር ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋል። አየር ከታች ካልገባ ጭስ ከላይ አይወጣም። ቱቦው በወራጆቹና በማገሮቹ መካከል ይለፍ፤ ከእንጨቱም ወደ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ከጣሪያው በላይ ደግሞ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ አለዚያ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይጥለዋል። የማሽኑን ቱቦና የምድጃውን ቱቦ ከቶ አታገናኙ።

«ቆርቆሮዬን ካስበሳሁ ያፈስብኛል» የሚለው ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። እኒያኑ አሸንዳ ሠሪ ጠይቄያቸው ነበር። «ልጄ፣ ውሃ ወደ ላይ አይወጣም» አሉኝ። «የላሜራውን አንገትጌ የላይ ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር አስገባዋለሁ፤ የታች ጠርዙን ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ አሳርፈዋለሁ። ውሃው ሲወርድ ከላሜራው ወደ ቆርቆሮው ይወርዳል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይገባም። በማጣበቂያ ብቻ የሚደፍን ሠራተኛ ካያችሁ ግን አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅላችሁም።» ቀዳዳውም ቢቻል ወደ ጣሪያው ጫፍ ቢጠጋ፣ ከላዩ የሚወርደው ውሃ ስለሚያንስ ይመረጣል። ሥራው በበጋ ቢሠራ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ለመፈተሽ ይመቻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን በቀላሉ መታለፍ የለበትም። የጣሪያ ቀዳዳ አለኝ ተብሎ ሰው በሚተኛበት ክፍል ክፍት የከሰል ምድጃ አይቀመጥም። ዣንጥላና ቱቦ የሌለው ከሰል ቦታው ደጅ ነው። የከሰል ካውያም በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ነው የሚሠራበት።

ያለ እሳት ማድረቅ

ዛሬውኑ ልንጀምረው የምንችለውም አለ። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ አናከማች፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንጠብ። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለን ብንረግጠው ቀሪው ውሃ ወደ ፎጣው ይሄዳል። በግቢው ጥግ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ብንሠራ ዝናብ እየዘነበም ነፋሱ ያደርቅልናል፤ ልብስን የሚያደርቀው ከሙቀቱ ይልቅ የሚንቀሳቀስ አየር ነውና። ልብሱ በገመዱ ላይ አይደራረብ፤ በመካከሉ እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። የጭስ ማውጫ ባለው ማድ ቤት የሚሰቀልም ከሆነ ከምድጃው ከአንድ ሜትር በላይ ይራቅ እንጂ ከእሳቱ አናት ላይ አይንጠልጠል።

አባወራዎችም በዚህ ጉዳይ ተመልካች አይደላችሁም። ሚስማርና መቀስ መያዝ፣ አሸንዳ ሠሪ መጥራት፣ ልብሱንም በፎጣ መርገጥ የሴት ብቻ ሥራ ነው ያለ የለም።

የቤት አከራዮች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ተከራይ ጣሪያ የመብሳት ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የእናንተ ነው። ያቺ ጸሐፊ ከአደጋው በፊት የጋራውን ማድ ቤት ጭስ ማውጫ እንዲያሠሩላት አከራይዋን ጠይቃ ነበር፤ ቆርቆሮው ያፈሳል ብለው እምቢ አሏት። ደግ ሴት ናቸው፤ በሩን ገፍተው ያዳኗትም እርሳቸው ናቸው። ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነበር የያዛቸው። በመስከረም አሸንዳ ሠሪውን ራሳቸው ጠርተው ማድ ቤቱን አስበሱ፤ ከኋላው ደግሞ ለልብስ የሚሆን ክፍት ዳስ አስተከሉ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ የልጁ ዩኒፎርም ከዳሱ ሥር ተሰጥቶ ነፋስ ያወዛውዘው ነበር። ዝናቡም እየዘነበ ነበር።

እናንተስ ቤታችሁን ዛሬ ማታ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱት፣ ጭሱም እርጥበቱም በየት በኩል ይወጣል? መልስ ካጣችሁለት በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ደጅ አውጡ፤ አሸንዳ ሠሪውን ደግሞ ነገ ጥሩት።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።